ለሥዕል ሰዎች የተቀመጠ ሽምግልና

ደሴ ተወልጄ ደሴ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ልጅ ታላቁን ጥያቄ እንደማይጠይቅ ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም። ልጅ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ሳይጠየቅ ዝም ይላል፤ ከዚያ ያለፈው ዓይን አውጣነት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የሌላ ሰው ልጆች ሰብስቤ፣ ታላላቆቻቸው ፊት ቆመው ጥያቄ እንዲጠይቁ ማሠልጠን ጀመርኩ። ማን አስገደደሽ በሉኝ።

ጥፋቱን በሠዓሊው ላይ ልጣለው። ሠዓሊው ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነው ሆጤ ሰፈር ያለው ሰፊ ቤታቸው ባዶ ሲሆንባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሣሉትን ሁሉ ከየአልጋው ሥር አውጥተው በየግድግዳው ሰቀሉና በሩን ለሰው ከፈቱት። የሰፈሩ ሰው «ሥዕል ቤቱ» ይለዋል። ሰው ደግሞ መምጣቱን መጣ። ችግሩ ሠዓሊው ራሳቸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነበር። በግ የተሣለበት ሸራ ፊት ቆመው «ይህ በግ፣ በግ አይደለም» ብለው ይጀምራሉ። ጎብኚው መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል፣ ቀጥሎ በሩን ያያል። በጉን የሚያይ የለም።

«አስጎብኚ ያስፈልግዎታል» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ንግግራቸው አንጀቴን ቅጥል ቢያደርገው።

«አንቺ አለሽ አይደል?» አሉኝ። በዚሁ ተጠመድኩ።

እኔም የሥዕል መምህር ነኝ፤ ግን ማስተማርና ማስጎብኘት እንደሚለያዩ አላጣሁትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለሙዚየም አስተማሪዎች ሥልጠና እንደሚሰጥ ስሰማ ተመዝግቤ ሄድኩ። አሠልጣኟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ትምህርቷ ሲጨመቅ አንድ ነው፤ አስጎብኚ አይናገርም፣ ይጠይቃል። ጥያቄውም ሦስት ነው። ምን ይታይዎታል? ምኑን አይተው እንዲህ አሉ? ሌላስ? አስጎብኚው ይህን ብቻ እያለ ዝም ካለ፣ ጎብኚው ሥዕሉን በገዛ እጁ ይፈለፍለዋል አለች። በጉ ትዝ ሲለኝ ተነሥቼ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ።

ተመልሼ ከደሴም ከኮምቦልቻም አንድ ስምንት የሚሆኑ ልጆች መረጥኩ፤ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉ፣ አፋቸው የማይሰበሰብ። የኮምቦልቻዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ይመጣሉ። ቆላ የለመደ ሰውነታቸው ደሴ ሲደርስ በቀጭን ሸሚዝ ይንቀጠቀጣል፤ ሠዓሊው አሮጌ ካፖርታቸውን በተራ ያለብሷቸዋል። ካፖርቱን የለበሰ ሁሉ ሳያስበው እንደ ሠዓሊው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መራመድ ይጀምራል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ቀላል ነበር። «ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ነገር ፈልጉ። ከቤተሰባችሁ ታላቅ የሆነ ሰው ፊቱ አቁሙና ምን ይታይዎታል ብላችሁ ጠይቁ» አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያኔ ነበር ማቆም የነበረብኝ።

በሳምንቱ ተሰበሰብን። መጀመሪያ የተናገረው የሰኞ ገበያው ልጅ ነው። እናቱ እዚያ ልብስ ትሸጣለች፤ እሱ ከትምህርት ቤት መልስ በር ላይ ቆሞ ገዢ ይጠራላታል።

«እናቴን ምን ይታይሻል አልኳት፣ ቲቸር።»

«ምን አለችህ?»

«ሥራ የፈታ ልጅ።»

ቀጠለ ረጅሙ ልጅ። እሱ የጠየቀው አያቱን ነው። አያትየው መጀመሪያ «ዓይኔ መድከሙን ማን ነገረህ?» ብለው ተቆጡ። ቀጥሎ ራሳቸውም ተጠራጠሩ። በማግስቱ ልጆቻቸው ተሰብስበው፣ ሁለት ባጃጅ ሞልተው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

«ታዲያ ሐኪሙ ምን አለ?»

«ዓይናቸው ደህና ነው አለ። አሁን የተጣሉት ከኔ ጋር ነው።»

የኮምቦልቻዋን ልጅ መጨረሻ ላይ አስቀረኋት። የምታየው ነገር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ስለሚሻል ለመጨረሻ አስቀምጣት ነበር። ሌሎቹ በጉን ሲያዩ እሷ ከበጉ ኋላ ያለውን በር ታያለች፣ በሩ ለምን ገርበብ እንዳለ ትጠይቃለች። አባትዋ ከሐርቡ ወዲያ ካለ ገጠር መጥተው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰው ናቸው።

«የቀን መቁጠሪያውን አሳይቼ፣ አባዬ ምን ይታይዎታል አልኳቸው» አለች። «የምትሄጂበት ቀን መድረሱ ይታየኛል አሉኝ።»

ቀስ እያልኩ ጠይቄ ነገሩን አወጣሁት። አክስቷ ዓረብ አገር ናት፤ የምትሠራበት ቤት አግኝታላታለች። ፓስፖርቷ ወጥቷል። አረፋን ከቤተሰቧ ጋር ውላ ትሄዳለች። እሷ ግን መሄድ አትፈልግም፤ ይህንም ለአባትዋ አልነገረችም። እንዴት ብላ ትንገራቸው?

ደሜ ፈላ። ቁጡ መሆኔን የማያውቅ ደሴ የለም፤ ስቆጣ ደግሞ ቁጭ ብዬ አላውቅም። በማግስቱ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ቤታቸው ሄድኩ። አባትዋ ገና ከሥራ መግባታቸው ነው፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። በወሎ ወግ አስቀመጡኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ የማላውቃቸውን የዘመዶቼን ጤና ሳይቀር ጠየቁኝ። ቁጣዬ በዚያ መሐል ቀዘቀዘ። ሰውን በሰላምታ እንዲህ አድርገው ሲያደክሙት በምን አፉ ይጣላል?

ልጅዎ ተሰጥኦ አላት አልኳቸው። እንደ እሷ ያለ አስጎብኚ አላየሁም፤ ሠዓሊው ሊቀጥሯት ይፈልጋሉ፤ ትምህርቷንም አይነካባትም አልኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መምህርት» አሉኝ፣ «እኔ ፋብሪካ ስሠራ ጨርቅ ይወጣል። ልጄ እዚያ ስትሠራ ምን ይወጣል?»

«ሐሳብ» አልኩ።

በሐዘኔታ አዩኝ። ለሰሚ ግራ መሆኑ ለኔም ታወቀኝ።

«አይክፋዎት» አሉ። «እኔ የሥዕል ሰው አይደለሁም። የአገሬን ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ። አይተው ይሄ ሥራ ነው ካሉ፣ ሥራ ነው። አይደለም ካሉ ግን ልጄን በሰላም ይሸኙልኝ።»

ቀን ቆረጥን። ከአረፋ በፊት ያለው ቅዳሜ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሠለጠንኩት ሥልጠና አይደለም፣ ወታደር ቤት ነው። ረጅሙ ልጅ ለጎብኚ ጀርባውን መስጠት ነውር ሆኖበት፣ ሁልጊዜ ግድግዳ ታክኮ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በትከሻው እየገፋ ያላጣመመው ክፈፍ የለም። የሰኞ ገበያው ልጅ ጎብኚ ሲያይ ራሱን መቆጣጠር አይችልም። «ግቡ፣ ግቡ፣ ማየት በነፃ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ የበጉን ሥዕል ትኩር ብላ ስታይ «ሌላም ቀለም አለው» ብሏት ሠዓሊው ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

ዋናው መከራ ግን ያው ጥያቄው ነበር። ጎረቤት ጠርተን ብንለማመድ አልሆነም። አንድ ትልቅ ሰው ሥዕሉ ፊት ቆመው ምን ይታይዎታል ሲባሉ «አንተ አታውቀውም እንዴ? የማታውቅ ከሆነ ለምን እዚህ አቆሙህ?» አሉ። ሌላኛው፣ ልጆቹ የሚፈትኗቸው መስሏቸው ተቆጥተው ወጡ። ሦስተኛዋ ሴትዮ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል እያለ ምን ይታየኛል ትላለህ?» ብለው የጠያቂውን ልጅ ግንባር ዳስሰው ትኩሳት እንደሌለበት አረጋገጡ።

መፍትሔውን ያመጣችው የኮምቦልቻዋ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ለልምምድ የመጡ አዛውንት ፊት ቀርባ፣ ዝቅ ብላ፣ «አባባ፣ እኔ ልጅ ነኝ፤ የኔ ዓይን የዘለለውን የእርስዎ ዓይን አይዘልምና እስኪ ያመላክቱኝ» አለቻቸው። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ያላዩት ነገር አልነበረም፤ ለማስቆም ዝናብ መጣል ነበረበት።

«ይሄ ሥልጠናው ውስጥ የለም» አልኳት፣ መምህር ነኝና።

«ጥያቄው ያው ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። «ጫማውን አውልቆ ነው የገባው።»

ደስ አለኝ፤ ግን ፊቴ ላይ እንዳይታይ ተጠነቀቅሁ። ያመሰገንኩት ልጅ ሁሉ በሳምንቱ አርፍዶ ይመጣል።

የተቆረጠው ቅዳሜ ደረሰ። አባትዋ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ከዘራ የያዙ። ከሦስቱ ትልቁ በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ አባጋር የሚባሉ ሰው ናቸው። እኒህ ሰውዬ ብድግ ካሉ ደም የተቃባ ሳይቀር ይቀመጣል ተብሎ ተነገረኝ።

በር ላይ ግን ራሳቸው ቆመው ቀሩ። «ይቅደሙ» አሉ አንዱ። «ኧረ በአላህ፣ እርስዎ እያሉ?» አሉ ሌላው። «በነቢ ይዤዎታለሁ፣ ይግቡ» አሉ ሦስተኛው። ካፊያ ጀመረ። ሠዓሊው እንግዳ ደጅ ቆሞ እኔ ቤት ውስጥ አልቆምም ብለው ወጡ፤ ወጥተውም ይቅደሙ ማለት ጀመሩና ራሳቸውም መግባት አልቻሉም። እኔ በመስኮት እያየሁ ጥርሴን አፋጨሁ። ልጅቱ ናት ሄዳ «አባቶቼ፣ ቤቱ በዱዓ ይከፈትልን» ያለቻቸው። ዱዓ የሚያደርገው ትልቁ ስለሆነ ትልቁ ገቡ፤ ሌላው ተከተለ።

ከውስጥ ሲገቡ መካከለኛው ሽማግሌ ቆም ብለው «ነፍስ ያለው ነገር ነው እንዴ የተሣለው?» አሉ። አባጋሩ «ልንሰግድለት አልመጣን፤ ልናይ ነው» አሏቸው። በዚህ አለፈ።

ልጅቱ ወደ ትልቁ ሸራ ወሰደቻቸው። ሁለት ገበሬዎች በአንድ የድንጋይ ካብ ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። አንዱ ነጭ ጋቢ፣ ሌላው ቡናማ ጋቢ ለብሷል። ሠዓሊው ርዕሱን «ድንበር» ብለውታል፤ የሰው ልጅ ከራሱ ጋር ያለበት ድንበር ነው ይላሉ፤ ለብዙ ሰዓት ይላሉ። ረጅሙ ልጅ በጎን በጎን ሄዶ አግዳሚ ወንበር አመጣ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባትዋ አልተቀመጡም፤ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

«አባቶቼ፣ እስኪ ያመላክቱኝ» አለች።

አባጋሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ሸራውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ሁለት ሰዎች ተጣልተዋል» አሉ።

«ምናቸውን አይተው ነው፣ አባባ? እኔም እንድማር።»

«ጀርባ ተሰጣጥተዋል። መሐላቸው ያለው ካብ ፈርሶ ተክቧል፤ አዲስ ድንጋይ አለበት።»

«ሌላስ የሚያመላክቱኝ?»

እስከዚህ ድረስ ሥልጠናው እንደ መጽሐፍ ነበር። ኩራት ተሰማኝ። አባጋሩ ግን ከዘራቸውን መሬት አስተኙና ወደ ሁለቱ ባልንጀሮቻቸው ዞሩ።

«ሌላማ ሁለቱንም ሳንሰማ እንዴት እንናገራለን? ያ ጀማዓ፣ ዱዓ ይደረግ፤ ነገሩን እንየው።»

እጆች ተዘረጉ። ያኔ ነው ጉድ የፈላው። ሽምግልና ተቀመጡ ማለት ነው። ለሥዕል! «አባቶች፣ ይሄ እኮ...» ብዬ ልጀምር ስል ልጅቱ በዓይኗ ለመነችኝ።

«የዚህን የባለ ነጭ ጋቢ ነገር ማን ይናገርለታል?» አሉ አባጋሩ።

«እኔ» አለች ልጅቱ።

«የዚያኛውንስ?»

የሰኞ ገበያው ልጅ ከኋላ ዘሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ገበያ ቀርቶበት አያውቅም።

ልጅቱ ወደ ሸራው ተጠጋች። «የኔ ሰው ዱላውን መሬት አስቀምጦታል» አለች። «ዱላውን ያስቀመጠ ለመማታት አልተቀመጠም። ያኛውን እዩት፣ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ደግሞ የኔን ሰው አንገቱን እዩልኝ። ትንሽ ዞሯል። ያኛው አንድ ነገር ቢናገር ብሎ እያዳመጠ ነው።»

ሁላችንም አንገቱን አየነው። ዞሯል። ሠዓሊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኔም እስከዛሬ አላየሁትም» አሉኝ።

የሰኞ ገበያው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወላሂ፣ አባቶቼ፣ በዳይ ዱላውን ቢያስቀምጥ ምን ይገርማል? መትቶ ሲጨርስ ነው ያስቀመጠው። የኔ ሰው ግን ጋቢው ተቀዷል። እዚች ጋ፣ ትከሻው ላይ። ማን ቀደደው?»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው አዩ፣ በጣታቸውም አመላከቱ። እውነትም ተቀዷል። ያቺን ቀዳዳ እኔ አውቃታለሁ፤ ሸራው አልጋ ሥር ሳለ አይጥ የበላት ናት። ሠዓሊው ላብ አጠመቃቸው።

«እርስዎ ነዎት የሣሉት?» አሉ አባጋሩ ወደ እሳቸው ዞረው። «ጋቢው ሲቀደድ ነበሩ?»

«አልነበርኩም» አሉ ሠዓሊው። ይህ እውነት ነው።

«ሰዎቹን ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም። ከልቤ ያወጣኋቸው ናቸው።»

«ከልብዎ ካወጧቸው ምነዋ አጣልተው አወጧቸው?»

«ጠቡ እንኳ ጠብ አይደለም... የሰው ልጅ ከራሱ ጋር ያለበት ድንበር...»

«ድንበሩማ ይሄው ይታያል። ድንጋይ ነው» አሉ አባጋሩ። መካከለኛው ሽማግሌ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተነጋገሩ። የሽማግሌዎቹ ሹክሹክታ ረዘመ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ የባለ ነጭ ጋቢውና የባለ ቡናማው ደጋፊዎች ተለይተው ቆመዋል። የአዲስ አበባዋ አሠልጣኝ ይህን ብታይ ምን ትል እንደነበር አስቤ ሳቅ አፈነኝ፤ ሳቄን በሳል አሳለፍኩት።

«ቀለም አለዎት?» አሉ አባጋሩ።

«አለኝ።»

«ሸራስ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ሌላ ይሣሉ። በዚያኛው ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጧቸው። ይሄን አይንኩት፣ ጠቡ እንደነበር ምስክር ይሁን። የተቀደደውን ጋቢ ግን ይስፉለት።»

እኒህ ሠዓሊ የበጉ እግር አጠረ ስላልኳቸው ክረምቱን ሙሉ ያኮረፉኝ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» አሉ። በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

አባጋሩ ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ሥራ ነው ወይ ብለህ ነበር ያመጣኸን» አሉ ለልጅቱ አባት። «ልጅህ ስትሠራ የዋለችው የኛን ሥራ ነው። የኛ ሥራ ከሆነ፣ የሷም ሥራ ነው።»

ተነሥቼ ሻይ ላዝ ስል ግን አባትዋ ከግድግዳው ተላቀው ወደ መሐል መጡ።

«ሥራ ይሁን» አሉ። «ነገርን ነገር ያነሳዋል። ከተቀመጣችሁ አይቀር የኔንም እዩልኝ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አባትዋ ቆመው ተናገሩ። ከእህታቸው ጋር ቃል ተገባብተዋል። እህታቸው ደግሞ እዚያ ላለ ቤት ቃል ሰጥታለች። ከልጅቱ በታች ያሉ ልጆች አሏቸው። የጎረቤቶቻቸው ልጆች ሄደው የወላጆቻቸውን ቤት ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ እነሱስ ሰው አይደሉም? ልጃቸውን ለመጉዳት የሚልክ አባት የለም። ይህን ሁሉ ሳይቆጡ፣ በደከመ ድምፅ ተናገሩት። እውነታቸውን ነው፤ ያ ነው ያበሳጨኝም።

«ልጅቱስ?» አሉ አባጋሩ።

ሁላችንም ዞርን። ያቺ ለተሣለ ሰው አንገት ሳይቀር የተከራከረች ልጅ፣ መሬት መሬት ታያለች። የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ቃል አልወጣትም። ጠበቅን። አልወጣትም።

«እኔ ልናገርላት» አልኩ።

«አንቺ ልጄ ተቀመጪ» አሉኝ አባጋሩ። «የነገሩ መነሻ አንቺ ነሽ። መነሻ ጠበቃ አይሆንም።»

በዚህ ዕድሜዬ ልጄ ተብዬ ተቀመጥኩ። የሰኞ ገበያው ልጅ እጁን አወጣ። «አንተማ ቅድም በተቃራኒዋ ቆመሃል» አሉት፤ እሱም እጁን መለሰ።

ከዚያ አባትዋ ራሳቸው «እኔ ልናገርላት» አሉ።

«አንተ ከሳሽ ነህ» አሉ መካከለኛው ሽማግሌ።

«አውቃለሁ። ግን የምትለውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ከታናሽ እህቷ ጋር ስታወራ በግርዶሹ ማዶ እሰማታለሁ።» ወደ ልጅቱ ዞር አሉ። «እንዲህ ነው የምትለው። እዚያ ሥዕል ቤት ስናገር ሰው ይሰማኛል ትላለች። የማየው ነገር ከንቱ አይደለም ትላለች። እዚያ ብሄድ ግን ያዙኛል እንጂ አይሰሙኝም፤ እህቴ፣ ድምፄን የምረሳው ይመስለኛል ትላለች። አባዬ ክፉ ሰው አይደሉም ትላለች። ግን ለበጋችን እንኳ ገዢ ሲመጣ ትሸጥ አትሸጥ ብለን ስንመካከር፣ ስለኔ ትሂድ አትሂድ ሲባል እኔን ማን ጠየቀኝ ትላለች።»

ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«አልጠየቅኋትም» አሉ።

ልጅቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ መደበቅ አልቻልኩም፣ አልፈለግሁምም። ሠዓሊው መሐረባቸውን አቀበሉኝ፤ ቀለም ቀለም ይሸታል።

አባጋሩ ከዘራቸውን ከመሬት አነሡ። «የከሰስከውም አንተ፣ የተከራከርክላትም አንተ» አሉ። «እኛ ታዲያ ምን ሠራን? ለእህትህ እኔው በስልክ እነግራታለሁ፤ ቃሏን ሽማግሌ ያወርድላታል።»

«ፓስፖርቱስ ምን ይሁን?» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ቤቱ ከገቡ ጀምሮ ትንፍሽ ሳይሉ የቆዩት።

«እኔን ምን ትሉኛላችሁ» አሉ አባትዋ። «እሷን ጠይቋት እንጂ።»

ጠየቋት። ሻርፗን ከፊቷ አወረደች። «ይቀመጥልኝ» አለች፤ ከዚያ ወደ አባትዋ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ «አልሄድም» አለች።

ዱዓ ተደረገ። እንግዶቹ ሊወጡ ሲነሡ በር ላይ እንደገና ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ተጀመረ። አባትዋ ግን ወደ ኋላ ቀርተው ወደኔ መጡ።

«መምህርት» አሉኝ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በፊት ይልቀቋት። ጉም ከወረደ መንገዱ አይታመንም።»

እሺ አልኳቸው።